ጋፒዎቹን የገደላቸው ምን ነበር? የአንድ የአዘዞ ቤት አኳሪየም ጉዳይ ጥናት

እህቴ ኅዳር መጀመሪያ ላይ ደወለችልኝ። «እባክህ ቶሎ ድረስልኝ፣ ልጁ እህል አልቀምስ አለ» አለችኝ። ሰው የታመመ መስሎኝ እዚሁ ጎንደር ውስጥ ከማራኪ አዘዞ ድረስ ልቤ ተንጠልጥሎ ሄድኩ። ስደርስ የ11 ዓመቱ የእህቴ ልጅ ሳሎን ውስጥ፣ አንድ የመስታወት ገንዳ ፊት ወለሉ ላይ ቁጭ ብሏል። ገንዳው ውስጥ የቀሩት ሦስት ዓሦች ናቸው። ከዘጠኝ ቀን በፊት አሥራ ሁለት ነበሩ።

«ጋሼ፣ ምን አድርጌያቸው ነው?» አለኝ፣ ቀና ብሎ ሳያየኝ።

ሥራዬ ባዮሎጂ ማስተማር ነው። እቤቴም ዓሣ ማርባት ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። ያን ጥያቄ ግን እዚያው ቆሜ ልመልሰው አልቻልኩም። ስለዚህ አደርኩ። ከዚያም አምስት ወር ሙሉ እየተመላለስኩ ነገሩን በደብተር ያዝኩት። አሁን የማካፍላችሁ ያንን ነው።

ያገኘሁት

ገንዳው 60 በ30 በ35 ሳንቲ ሜትር ነው። አንድ መስታወት ቤት በሲሊኮን አጣብቆ ሠርቶላቸዋል። ሥራው ንጹሕ ነው፣ ጠብታ አያፈስም። ጠጠሩና ከላይ የሚተወው ቦታ ሲቀነስ 55 ሊትር ያህል ውሃ ይይዛል። ያስቀመጡት ቡፌ ላይ፣ ከቴሌቪዥኑ ጎን፣ መስኮቱ ሥር ነው። ውሃው ብቻውን 55 ኪሎ ነው። መስታወቱና ጠጠሩ ሲታከልበት 75 ኪሎ ይደርሳል። የቡፌው ጣውላ መሀሉ ላይ ጎብጧል።

ዓሦቹ ጋፒ የሚባሉ አሥር ትንንሽ የሐሩር ዓሦችና ሁለት ጎልድፊሽ ነበሩ። አንድ ዘመድ ከአዲስ አበባ በመኪና ይዞላቸው መጣ። የሸጠላቸው ሰው «ማሞቂያ አያስፈልግም፣ አገሩ ሞቃት ነው» ብሏቸዋል። አብሮ የመጣው ትንሽ የስፖንጅ ፊልተር፣ የአየር ፓምፕና አንድ ቆርቆሮ መኖ ነው።

ልጁ ቀን በቀን እንዲተርክልኝ አደረግሁ። ቅዳሜ ገንዳውን ከጀሪካን ሞልተው ዓሦቹን ወዲያው ለቀቋቸው። እሑድ ጠዋት ሁለት ጋፒዎች ሞተው ተገኙ። እናትና ልጅ «ውሃው ቆሽሾ ነው» ብለው ሰኞ ውሃውን በሙሉ ደፉ። ጠጠሩን በፈላ ውሃ አጠቡ፣ ስፖንጁን ቧንቧ ሥር ጨመቁት። ሐሙስ ዓሦቹ ውሃው አናት ላይ ወጥተው አፋቸውን ከፈት ከደን ያደርጉ ጀመር። ዓርብ አራቱ ሞቱ። አሁንም ውሃው በሙሉ ተለወጠ። እሑድ ሦስት ተጨመሩ።

ጎረቤታቸው እትዬ «ዓይን ነው የበላቸው፣ ሸፈን አድርጓቸው» ብለው መክረዋል። እህቴም የገንዳውን አናት በነጠላ ሸፍናለች። ክዳን ያልነበረው ገንዳ ስለሆነ ሙቀቱን ትንሽ ያዘለት። ከተደረገው ሁሉ ዓሦቹን የጠቀመው እሱ ብቻ ነበር ብል አላጋነንኩም።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። በዚህ ቤት ቸልተኛ ሰው አልነበረም። ልጁ ሌሊት እየተነሳ ያያቸዋል፣ በቀን አምስቴ ይመግባቸዋል። እናትየው በዚያ የውሃ እጥረት ላይ ስንት ጀሪካን ውሃ ለውጣላቸዋለች።

ቴርሞሜትሩና ወረቀቱ የነገሩኝ

ማታ ቴርሞሜትር ውሃው ውስጥ ሰቅዬ ተኛሁ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ 16 ዲግሪ ያሳያል። ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ ደግሞ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ 23 አድርሳዋለች። በአንድ ቀን ውስጥ የሰባት ዲግሪ ልዩነት ማለት ነው። ጋፒ የሚስማማው ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ነው፣ እሱም ሳይዋዥቅ።

ጎንደር በካርታ ካየናት ሐሩር ክልል ውስጥ ናት። ከምድር ወገብ የምትርቀው 12 ዲግሪ ተኩል ያህል ብቻ ነው። ግን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። የኅዳርንና የታኅሣሥን ሌሊት እዚህ ያደረ ሰው ያውቀዋል። የሐሩር ዓሣ ሲባል የቆላ ውሃ ዓሣ ማለት ነው። የእኛ ሳሎን ደግሞ ደጋ ነው።

ከፍታው ሌላም ጣጣ አለው። ክክ እዚህ ቶሎ የማይበስለው አየሩ ስለሚሳሳ ነው። በዚያው ምክንያት ውሃ የሚይዘው ኦክስጅንም ያንሳል። ባሕር ዳርቻ ላይ ያለ 25 ዲግሪ ውሃ በሊትር እስከ 8.2 ሚሊ ግራም ኦክስጅን ይይዛል። ጎንደር ላይ ግን ከ6.4 ብዙም አይዘልም። ስለዚህ መጽሐፍ «ይህን ያህል ዓሣ ይበቃል» ካለ እኛ ቀነስ ማድረግ አለብን። የአየር ፓምፑም ሌት ተቀን መሥራት አለበት። እህቴ «ድምፁ አላስተኛ አለኝ» ብላ ማታ ማታ ታጠፋው ነበር።

ከዚያ ወደ ጀሪካኖቹ ሄድኩ። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ሞልተው፣ ክዳኑን አጥብቀው ያስቀምጡታል። «ሦስት ቀን የቆየ ውሃ ነው የጨመርንላቸው» አለችኝ እህቴ። አንዱን ከፍቼ አሸተትኩት። የበረኪና ሽታ ፊቴን መታኝ። ክሎሪን በቆይታ ብቻ አይጠፋም፣ መውጫ ይፈልጋል። አፉ ሰፊ በሆነ ዕቃ፣ ባልዲም ይሁን ሳፋ፣ ተከፍቶ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ሲቀመጥ ተንኖ ይሄዳል። በጠባብ አፍና በተጠበቀ ክዳን ውስጥ ግን ይቆያል። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን በአንድ ሌሊት የገደላቸው ይህ ይመስለኛል። ክሎሪን የዓሣን ስንጥብ፣ ማለትም መተንፈሻውን፣ ይለበልባል።

የሐሙሱና የዓርቡ ነገር ሌላ ነው። ዓሣ በስንጥቡ አሞኒያ የሚባል መርዛማ ቆሻሻ ያስወጣል፤ የተረፈ መኖ ሲበሰብስም አሞኒያ ይሆናል። በቆየ ገንዳ ውስጥ አንድ ዓይነት ባክቴሪያ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጠዋል። ሌላው ደግሞ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት። ናይትራይትም መርዝ ነው፣ ናይትሬት ግን ካልበዛ ብዙ አይጎዳም። እነዚህ ባክቴሪያዎች የሚኖሩት ስፖንጁና ጠጠሩ ላይ ተለጥፈው ነው። ለመባዛት ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጅባቸዋል። እነ እህቴ ጠጠሩን በፈላ ውሃ፣ ስፖንጁን በክሎሪን ውሃ ሲያጸዱ ገና መብቀል የጀመረውን ሁሉ ጨረሱት። ስለካው አሞኒያው በሊትር 2 ሚሊ ግራም ነበር። በጤናማ ገንዳ ዜሮ መሆን አለበት።

እዚህ ላይ ጉዳዩ አለቀ ብዬ ነበር። ግን ከትምህርት ቤት ይዤው የመጣሁት የፒኤች ወረቀት፣ ውሃው አሲድ ወይም ቤዝ መሆኑን የሚለካው (7 መሀሉ ነው፣ ከዚያ በላይ ቤዝ)፣ ቀርቶኛል። ብዙም ሳልጠብቅ ነከርኩት። ወረቀቱ ወደ ሰማያዊ ሄደ። 9 ነው። ተሳስቻለሁ ብዬ ሌላ ነከርኩ፣ አሁንም 9። የጀሪካኑን ውሃ ለካሁ፣ 7.5 አካባቢ። ስለዚህ ውሃውን የሚለውጠው ነገር ያለው ገንዳው ውስጥ ነው።

ቀና ብዬ አየሁ። ገንዳው መሀል ላይ የፋሲል ግንብ ቆሟል።

ግንቡ

የልጁ አባት ግንበኛ ነው። ልጁ «ዓሦቼ ጎንደሬ ስለሆኑ ግንብ ያስፈልጋቸዋል» ብሎ ለመነው። አባትየው ሁለት ማታ ተቀምጦ ሠራለት። ቁመቱ 20 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። አራቱ ድቡልቡል ማማዎች፣ ጉልላቶቻቸው፣ በረንዳው ሳይቀር አለ። ጥቁር ድንጋይ ፈልጦ፣ በሲሚንቶ አያይዞ፣ በእርሳስ ጫፍ መስኮት በስቶለታል። ዓሣ በአንዱ በር ገብቶ በሌላው እንዲወጣ ውስጡን ክፍት አድርጎታል። እንዲህ ያለ ሥራ ከልብ ካልሆነ አይመጣም።

ድንጋዩ ምንም አያደርግም። የአካባቢያችን ጥቁር ድንጋይ ባዝልት ነው፣ ውሃ ውስጥ አይሟሟም። መፈተሽ ከፈለጋችሁ አቼቶ ጠብ አድርጉበት። ካልፈላ ደህና ነው። ችግሩ ሲሚንቶው ነው። አዲስ ሲሚንቶ ኖራ ይለቃል፣ ኖራው ደግሞ ፒኤችን ሽቅብ ያወጣዋል። ይህ ግንብ ውሃ ውስጥ ሲገባ ከተሠራ ገና ሦስት ቀኑ ነበር።

ፒኤች 9 ለጋፒ ራሱ ከባድ ነው። ከዚህ የባሰው ግን ከአሞኒያ ጋር የሚያደርገው ነው። አሞኒያ ውሃ ውስጥ በሁለት መልክ ይኖራል። አንደኛው አሞኒየም ነው፣ ብዙም አይጎዳም። ሌላው ገዳዩ ነው። ውሃው 20 ዲግሪና ፒኤቹ 7 ሲሆን ገዳዩ ከመቶ ግማሽ እጅ እንኳ አይሞላም። ፒኤቹ 9 ሲሆን ከመቶ 28 ያህል ይሆናል። መጠኑ ያው፣ መርዙ ግን ወደ ሰባ እጥፍ።

ይህን ለአባትየው እንዴት እንደምነግረው ግራ ገባኝ። ማታ ከሥራ ሲመጣ ቡና ቀርቦ ነበር። ልጁን ውጭ ላክሁትና ወረቀቶቹን አሳየሁት። ዝም ብሎ አያቸው። ከዚያ መዳፉን ዘርግቶ አየው፣ የተሰነጣጠቀውን፣ ጣቶቹ ጫፍ ላይ የተላጠውን።

«እጄን የሚበላኝ እሱ ነው ማለት ነው?» አለኝ።

«አዎ፣ እሱ ነው» አልኩት።

ሌላ ማስረዳት አላስፈለገም። ተነሥቶ እጅጌውን ጠቀለለ፣ ግንቡን በሁለት እጁ ከውሃው አወጣ። ልጁን ጠርቶም ራሱ ነገረው። «ጥፋቱ ያንተ አይደለም፣ የኔ ነው። ሲሚንቶው ገና አልበሰለም ነበር» አለው። ልጁ ያን ማታ ራቱን በላ።

እንደገና መጀመር

የተረፉትን ሁለት ጋፒና አንድ ጎልድፊሽ በማግስቱ ወደ ቤቴ ወሰድኳቸው። ጎልድፊሹ እዚያው ቀረ። አድጎ ከ20 ሳንቲ ሜትር የሚያልፍ፣ ብዙ የሚያቆሽሽና ቀዝቃዛ ውሃ የሚወድ ዓሣ ነው። ከጋፒ ጋር በ55 ሊትር ውስጥ አይኖርም።

እውነቱን ልናገር። አስቀድመው ቢጠይቁኝ ኖሮ ማሞቂያ የማይፈልግ ዓሣ ነበር የምመክራቸው። ዜብራ ዳኒዮ ለምሳሌ ከ18 ዲግሪ ጀምሮ ይመቸዋል። ብርዱ ለማይጠናበት የጎንደር ቤት ይሆናል። ልጁ ግን የጋፒ ጅራት ነው የማረከው፣ ሌላ አልፈልግም አለ። እንዲያውም «ለምን ከጎርጎራ ቆሮሶ አናመጣም?» ብሎኝ ነበር። ጎርጎራ ከዚህ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። ቆሮሶ ግን የሚበላ ዓሣ ነው። ትልቅ ሳህን ሞልቶ ሲቀርብ ያያችሁትን አስቡት፣ የትኛው ገንዳ ይችለዋል?

ብየዳ ቤት ሄደን ከአንጎላሬ ብረት መቀመጫ አሠራን። ላዩ ላይ ኮምፔንሳቶ፣ ከኮምፔንሳቶው ላይ ስስ ስፖንጅ። ቦታውንም ፀሐይ ከማይደርስበት የሳሎኑ ጥግ አደረግነው። ማሞቂያ በመጀመሪያ ያገኘነው 50 ዋት ነበር። ሌሊት 22 ዲግሪ ላይ እየቆመ አስቸገረን። በሊትር አንድ ዋት የሚባለው ስሌት ለሞቀ ክፍል ነው። ክፍሉ ሌሊት 15 ዲግሪ ሲወርድ ወደ ሁለት ዋት መጠጋት አለበት። ባለ 100 ዋት ተካን፣ የቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ የሚመጣውን ነጭ ፎም በሦስት ጎን ለጠፍን፣ ክዳን አስቆረጥን። 25 ላይ ረጋ። ግማሽ ቀን ያህል እየሠራ በወር ወደ 36 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። ይህን እህቴ አስቀድማ እንድታውቀው ነገርኳት።

ስለ ኤሌክትሪክ አንድ ነገር፦ ገመዱ ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ ተንጠልጥሎ መውጣት አለበት፣ ውሃ በገመዱ ተንሸራቶ ሶኬት ውስጥ እንዳይገባ። እጅ ከመክተታችሁ በፊት ደግሞ ንቀሉት።

ከዚያ መጠበቅ። ከእኔ ገንዳ ስፖንጅ ቁራጭ ቆርጬ ፊልተሩ ውስጥ ጨመርኩላቸው፣ ባክቴሪያው ቀድሞ እንዲሰፍር። ልጁ ዓሣ ለሌለው ውሃ በየቀኑ ቆንጠር አድርጎ መኖ ይጥላል። ጎረቤቶች ሲያዩት «ለማን ነው?» ይሉታል። «ለማይታዩት» ይላቸዋል። ኅዳር 20 ጀመርን። በ9ኛው ቀን ናይትራይት ታየ። በ16ኛው አሞኒያ ዜሮ ሆነ። በ25ኛው ናይትራይትም ጠፋ። ታኅሣሥ 15 ነበር። ሁለቱ ጋፒዎች ተመለሱ፣ ከሳምንት በኋላ አራት ተጨመሩ። ሁሉም ወንድ ናቸው። ሴት ጋፒ በአራት ሳምንት አንዴ ትወልዳለች፣ አንዳንዴ ሠላሳ አርባ ግልገል። ለጀማሪ ገንዳ ያ ሌላ ፈተና ነው።

የጥምቀት ሰሞን ሌሊት

ለጥምቀት ሁለት ቀን ሲቀረው ቤቱ እንግዳ ሞልቷል። ማታ 2 ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። ልጁ ደወለልኝ። «ጋሼ፣ ፓምፑ ዝም አለ።»

አስቀድመን የተነጋገርነው ነበርና ያን አደረጉ። ገንዳውን በአባትየው ጋቢ ጠቀለሉት። አናቱ ላይ ብቻ ለአየር ክፍተት ተዉ። በየግማሽ ሰዓቱ አንዳቸው ተነሥተው በጣሳ ውሃ እየቀዱ ከፍ አድርገው መልሰው ያንቆረቁሩታል። አየር ከውሃው ጋር የሚቀላቀለው ያን ጊዜ ነው። መኖ ጨርሶ አልተሰጠም። እንግዶቹም ተራ ይዘው ነበር አሉኝ። ከደምቢያ የመጡ አያት ሌሊቱን ሁለቴ አንቆርቁረዋል። መብራት የመጣው ጠዋት 11 ሰዓት ላይ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ ውሃው ከ25 ወደ 22 ብቻ ወረደ። አንድም አልሞተም።

ከስድስት ቀን በኋላ ግን ሁለቱ ላይ ጨው የተነሰነሰ የሚመስል ነጭ ነጥብ ታየ። ዓሣ ሲበርደው የሚያጠቃው ጥገኛ ተሕዋስ ነው። ነጥቡ ቆዳ ሥር ስለሆነ መድኃኒት አይደርስበትም። ረግፎ ከተባዛ በኋላ አዲስ ዓሣ ፍለጋ ሲዋኝ ነው የሚገደለው። ስለዚህ ትዕግሥት ይጠይቃል። ሙቀቱን በቀን አንድ ዲግሪ እየጨመርን 29 አደረስን፣ በሊትር ሁለት ግራም ጨው አሟሟን። ውሃ ሲሞቅ ኦክስጅኑ የበለጠ ስለሚያንስ ሁለተኛ የአየር ቱቦ አስገባን። ሁለት ሳምንት ያዝንበት። ነጥቦቹ ከጠፉ በኋላ ጨውን በየሳምንቱ ውሃ ቅየራ ቀስ በቀስ አወጣነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ

አሁን ሥራው ቀላል ነው። ሐሙስ ማታ ልጁ አንድ ባልዲ ውሃ ክፍት አድርጎ ያስቀምጣል። ቅዳሜ ጠዋት በጎማ ቱቦ 14 ሊትር፣ ማለትም ከገንዳው ሩቡን፣ ስቦ ያወጣል። ስፖንጁን በዚያ በወጣው ውሃ ውስጥ ጨመቅ ጨመቅ ያደርገዋል፣ ቧንቧ ሥር ፈጽሞ አይወስደውም። ከዚያ ባልዲውን ትንሽ የፈላ ውሃ ጨምሮበት፣ በቴርሞሜትር አስተካክሎ ይሞላል። ከአንድ ጀሪካን ያነሰ ውሃ ነው፣ እሱም አይደፋም። ናይትሬት ያለበት ስለሆነ ጎመኑና ጤና አዳሙ ይጠጣዋል። የእህቴ ጤና አዳም ዘንድሮ አጥር አልፏል።

መኖ በቀን ሁለቴ፣ በሁለት ደቂቃ የሚያልቅ ብቻ። ይህ ለልጁ ከሁሉ የከበደው ነበር። ዓሣ ሁልጊዜ የራበው ይመስላል።

እትዬ ጎረቤት «ሲበዙ አንገረብ ወንዝ ውስጥ ልቀቃቸው» ብለውታል። አይሆንም። ከውጭ የመጣ ዓሣ ከአገር ውሃ ጋር መቀላቀል የለበትም። ጣና ውስጥ ብቻ የሚገኙ፣ በዓለም ሌላ ቦታ የሌሉ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች አሉን፣ 15 ገደማ። የተረፈ ዓሣ ለሌላ አርቢ ይሰጣል።

ግንቡ የት ሄደ? አባትየው አልጣለውም። ጓሮ ባለው በርሜል ነክሮት፣ የበርሜሉን ውሃ በየሳምንቱ ይቀይርለታል። እኔም የፒኤች ወረቀት አድርሼለት ነበር። ግድግዳው ላይ በእርሳስ ይጽፈዋል። መጀመሪያ 11፣ ከዚያ 10፣ ታኅሣሥ መጨረሻ 9፣ የካቲት 8። ሚያዝያ ላይ ሦስት ሳምንት በተከታታይ 7.5 አሳየ፣ ልክ እንደ ጀሪካኑ ውሃ። በአራተኛው ቅዳሜ ልጁ ራሱ ግንቡን ወደ ገንዳው አወረደው። አባትየው አጠገቡ ቆሞ ነበር፣ እጁን አላስገባም። አንዱ ሰማያዊ ጅራት ጋፒ ግንቡን ሦስት ጊዜ ዞረው። ከዚያ በምሥራቁ በር ገባ።